የአዛውንቱ ደብተር

በጨረር ሕክምናው መጠበቂያ ክፍል፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ሁልጊዜ የሚይዙ አንድ አዛውንት አሉ። ሸሚዛቸው ተተኩሶ ቀጥ ያለ ነው፤ የላይኛዋ ቁልፍ ብቻ አትቆለፍም። ማንቁርታቸው በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ስለወጣ፣ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ነው። እሷንም በስስ ነጭ ጨርቅ ይጋርዷታል።

ድምፅ ስለሌላቸው ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ያንኑ ስለሆነ ግን አዲስ ነገር አይጽፉም፤ የድሮውን ገጽ ገልጠው በጣታቸው ያሳያሉ። ነርሷ «አባባ፣ ዛሬስ መዋጡ እንዴት ነው?» ስትላቸው፣ «ሾርባ ይወርዳል፤ ዳቦ እምቢ ብሏል» የሚለውን ይገልጣሉ። አንገታቸው በጨረሩ ጠቁሮ አይታ «ያቃጥላል?» ስትላቸው፣ «ይቻላል» የሚል ገጽ አላቸው። «አስታማሚስ?» ስትል የሚገልጡት ገጽ ከመነካካት ብዛት ጠርዙ አልቋል። «የለኝም» ይላል።

ትናንት እህቴ ጠጋ አለቻቸው። እሷም የጉሮሮ ታማሚ ናት፤ ሐኪም ዝም በይ ቢላትም አፏ አያርፍም።

«አባባ፣ ድምፅዎ ግን እንዴት ያለ ነበር?» አለቻቸው።

ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡ። የለም። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ደርቆ ኖሮ፣ መዳፋቸው ላይ ደጋግመው ሞክረው ሲጽፍላቸው ባዶ ገጽ ላይ ጎንበስ አሉ።

ነርሷ ብቅ ብላ «አባባ፣ ተራዎ ደርሷል» አለች።

ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ቆዪ በሚል ጣታቸውን አነሱላትና መጻፋቸውን ቀጠሉ።