የሙሉጌጥ ድምፅ

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ገበያ ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል የሙሉጌጥን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። አንዴ «ዓሣ!» ካለች ሐይቁ ላይ ያለው ጀልባ ሁሉ ዞር ይላል እያሉ ያሾፉባታል። ምን ያደርጋል፣ ድምጿን የማታውቀው እሷው ራሷ ነበረች። ይህም የታወቀው ልጇ ኩማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ከዘመተ በኋላ ነው።

ደብዳቤ አልሆነላትም። መጻፍ አትችል፣ ሰው የጻፈላት ደግሞ የሷ ቃል አይመስላት። ስለዚህ ወደ ግንባር የሚመለስ ወታደር ስታገኝ፣ ድምጿን አስቀርጻ ልትልክለት ከባሏ ከሽበሺ ጋር እዚያው ከተማ ፒያሳ ኑሪ ካሴት ቤት ሄደች። ሽበሺ በረንዳው ላይ ቀረ። እሷ ማይክራፎኑን ይዛ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ጎረቤቱ አወራችና መጨረሻ ላይ ለራት እንደምትጠራው አድርጋ «ኩማ!» ብላ ተጣራች።

ኑሪ መልሶ ሲያሰማት ደሟ ፈላ። ይቺ ቀጭን ድምፅ ያላት ሴትዮ ማን ናት? ኑሪ ከሬዲዮ የሰማውን ነገራት፤ ሰው የራሱን ድምፅ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማው፣ ሲቀረጽ የሌላ ሰው ይመስለዋል አላት። እሷ ወይ ፍንክች! ልጇን እዚያ በረሃ ላይ ባዕድ ሴት እንድትጠራባት አትፈልግም። አጥፋው አለችው።

ኑሪ ግን መጨረሻውን ደግሞ ከፈተው። ይሄኔ ሽበሺ ከበረንዳው ዘው ብሎ ገባ።

«ምነው ሙሉ፣ ልጁን እንዲህ አድርገሽ የምትጠሪው? አንጀቴን በላሽው እኮ» አላት።

እሷ አፏን እንኳ አልከፈተችም ነበር። ቀና ብላ አየችውና አጥፋው ያለችውን ከኑሪ እጅ ተቀበለች። ካሴቱ ተላከ።

ክረምቱ አልፎ የኩማ መርዶ መጣ። ከለቅሶው በኋላ አንድ የጦር ጓደኛው ሻንጣውን ሲያመጣ ካሴቱ ውስጡ ነበር። ሙሉጌጥን የበላት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ሰምቶት ነበር ወይስ ሳይሰማው ሞተ? ጓደኛው አያውቅም። ተነሥታ ኑሪ ዘንድ ወሰደችው።

ያቺ ባዕድ ሴት ስለ ሐይቁ አወራች፣ አወራች፣ «ኩማ!» ብላ ተጣራች። ከዚያ ወዲያ የካሴቱ ክር ባዶ መሆን ነበረበት። ትንሽ ቆይቶ ግን የመቅረጫ ቁልፍ ሲጫን ቋ አለ፤ ቀጥሎ የኩማ ድምፅ መጣ፣ ልክ ጓሮ ሆኖ እንደሚመልሰው።

«አቤት፣ እማዬ።»

ሌላ ምንም የለም። ሙሉጌጥ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ኑሪ ሊዘጋው ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው፣ የጠራው የኔ ድምፅ ነው» አለችው። «ልጄ አውቆኛል።»