ፀሐይ ያላየው አረንጓዴ

ክፍሉን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። የሽምብራ ሽታ ነበር። ክፍሉ ላፍቶ ገና እርሻ በነበረበት ዘመን የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ነበር፤ መሬትና ትርፍ ቤት የሚወርሰው አዋጅ ሲመጣ ግቢው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ መጋዘኑ ደግሞ እስር ቤት ሆነ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ብርሃን የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። ዘበኛው ከኋላዬ ገፍቶ ሲያስገባኝ በጉልበቴ ወደቅሁ። አፈሩ ላይ የተረሳ የባላባቱ ሽምብራ ጉልበቴን ወጋኝ።

ያሳሰረኝ አንበሳ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የምመልሰው፤ ሰውም ይስቃል፤ እኔም እንዲስቅ ብዬ ነው።

የጥልፍ ሠራተኛ ነበርኩ። የሙሽራ ቀሚስ፣ የካህናት ካባ፣ ያመጡልኝን ሁሉ እጠልፋለሁ። በንጉሡ ጊዜ ለሠፈራችን ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ባንዲራ ሠራሁ። መካከሉ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ፤ በፊት እግሩ ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት ዘንግ ይዟል። ንጉሡ ሲወርዱ ዘውዱም ይውረድ፣ መስቀሉ ጦር ይሁን ተባለ። ዳይሬክተሩ ባንዲራውን አስተካክዪው ብለው ላኩልኝ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪው ለዘመቻ ሄደ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ባንዲራውን የሚጠይቀኝ ጠፋ። እኔም እንዳለ አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ ከታች አስቀመጥኩት። ዘውዱን ያልፈታሁት ንጉሡን ወድጄ አይደለም። ዘውዱ ብቻውን አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ በገዛ እጄ ማበላሸቱ አስጠላኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ማንም ግን አላመነኝም።

ቤት ለቤት ፍተሻ ሲደረግ ያንን አገኙ። የሚፈልጉት መሣሪያ ነበር።

ፍተሻውን የሚመራው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ቀድሞ የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ባንዲራውን ጨርሼ ስወስድ በሩ ላይ የተቀበለኝ እሱ ነው፤ ጠዋት የሚሰቅለው፣ ማታ የሚያወርደው፣ ዝናብ ሲያካፋ ሮጦ የሚያነሳውም እሱ ነበር። ጨርቁን ከሣጥኑ ሲያወጣ ወዲያው አወቀው። ጣቱ የአንበሳው አፍንጫ ላይ ትንሽ ቆየ።

"ለማን ነው ያስቀመጥሽው?"

"ለማንም። ረስቼው ነው።"

"ዘውዱንም ረስተሽው ነው? ይመለሳሉ ብለሽ ነው እንጂ!"

"የሞተ ሰው ይመለሳል እንዴ?" አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፤ እኔን ሳያማክር ይናገራል። በጥፊ መታኝ። የአሥር ወር ልጄ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ አውርጄ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ገና ጡት አልጣለችም። አባቷ ምሥራቅ ግንባር ነበር፤ ለዚሁ መንግሥት ሲዋጋ።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ልጅ ቀድማኝ ታስራለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከወላይታ መጥታ ጤና ረዳትነት ትማር የነበረች ጴንጤ ናት። ስብሰባ ላይ ግራ እጅሽን አንሺና መፈክር አሰሚ ሲሏት እምቢ አለች። ጎትተው ሲያወጧት ቀሚሷ ከትከሻዋ እስከ ደረቷ ተተረተረ። የተቀደደውን በአንድ እጇ ጨብጣ ነው የምትውለው፤ የምትበላውም፣ የምትተኛውም እንደዚያው ነው።

"እትዬ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ እዚያ ጋ ያፈሳል" አለችኝ። ከዚያ ውጭ ያን ቀን ብዙም አልተነጋገርንም።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ወተቱ ቀሚሴን ያረጥባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ያረጥባል። ማልቀስ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ዘበኛው ከውጭ በሩን በእርግጫ መታና "ዝም በይ አንቺ የፊውዳል ርዝራዥ!" አለኝ። ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ጡቴን እያሻሸች እንዴት እንደሚታለብ አሳየችኝ። የልጄን ወተት አፈር ላይ አፈሰስኩት።

"በዚህ ዓይነት ሽምብራው ሳይበቅል አይቀርም" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ።

ከምሳ በኋላ ሊቀመንበሩ ባንዲራዬን ታቅፎ መጣ። የአብዮቱ በዓል ደርሷል፤ ገበያ ላይ ጨርቅ የለም፤ ከበላዩ ካለው ከከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ነገ ጠዋት ካድሬ ይመጣበታል። ማረሻ ያለበት አዲስ አርማ ወጥቷል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ ቀበሌ ግን አልደረሰም። እሱ የያዘው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ነው፤ አንበሳው ይቆይ፣ ዘውዱ ይውረድ።

"ዘውዱን ፍቺ። የመስቀሉንም ግራና ቀኝ ንቀዪው፤ ጦር ይሆናል። ነገ ሲሰቀል ንጹሕ ከሆነ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ።"

"ካልሆነስ?"

"ከፍተኛ ትሄጃለሽ።"

ከፍተኛ የተወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ መርፌ ሰጠኝ። ምላጭ ብለምነው "ለራስሽ አንገት ነው?" ብሎኝ ወጣ።

ልጅቷ የቀሚሷን ቅዳጅ በአገጯ ይዛ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጠረችልኝ። ገለበጥኩት፤ ቋጠሮዎቹን በጥርሴ ቆረጥኩ። የእጅ ጥልፍ ስለሆነ ክሩ ሳይበጠስ ረዥም ረዥም ሆኖ ይወጣል፤ ወርቅማውን ክር ልጅቷ ከበሩ በተሰነጠቀች እንጨት ላይ ጠቀለለችው። ስትጠቀልል ዓይኗ አንበሳው ላይ ነበር።

"ይኼ አንበሳ ግን ከየት የመጣ ነው እትዬ?"

ጥልፍ ያስተማረችኝ አርመን ሴትዮ የነገረችኝን ነገርኳት። መጀመሪያ የነገሥታቱ ማኅተም ላይ ነበር፤ ከማኅተሙ ወደ ብሩ ተሻገረ፣ ቆይቶ ባንዲራው ላይ ወጣ። ነገሥታቱ ዘራችን ከሰሎሞን ነው ስለሚሉ የይሁዳን ነገድ አንበሳ ምልክታቸው አደረጉት። ዘውዱ መንግሥታቸውን፣ መስቀሉ ሃይማኖታቸውን ያሳያል። ሴትዮዋ ስድስት ኪሎ ሄደሽ አንበሶቹን ሳታዪ እንዳትጠልፊ ብላኝ ነበር።

"አዩዋቸው?"

"ሩቅ ሆነብኝ። የጎረቤቴን ውሻ አይቼ ነው የጠለፍኩት።"

አንበሳውን ትክ ብላ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች። እውነትም የውሻ ፊት ነው፤ ጋማው ግን አያሳማኝም።

"እኛ የምናውቀው ከማኅተሙም በፊት ነው" አለችኝ። "ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሲመርቅ ነው ይሁዳን በአንበሳ ደቦል የመሰለው። በኋላ ጌታ ራሱ በዚያ ተጠራ። ነገሥታቱ ተውሰውት ነው።"

"ታዲያ ዘውዱን ስፈታው ኃጢአት አይሆንብኝም?"

"ኧረ ይፍቱት! የኔ አንበሳ ዘውዱን ከክር አላገኘውም።"

ብርሃኑ ሳይጠፋብን ጨረስን። የመርፌውን ቀዳዳዎች በጥፍሬ እያሻሸሁ ደፈንኳቸው። በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስዳስሰው ጨርቁ ልስልስ ነበር። ነገ ልጄን አጠባለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሁለታችንንም ወደ ግቢው አወጡን። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታለች። ሊቀመንበሩ ባንዲራውን በሁለት ዘበኞች አስይዞ ዘረጋው፤ እኔም ያን ጊዜ አየሁት። ዘውዱ እዚያው ነበር። ክር የለውም፤ ግን ነበር። የላይኛው አረንጓዴ ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ ውሎ ነጥቷል፤ ዘውዱ የሸፈነው ቦታ ብቻ እንደተገዛበት ቀን ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ከአንበሳው ራስ በላይ ጫፍ ጫፉ ሳይቀር ይታያል። የመስቀሉም ክንዶች እንደዚያው። ሙያዬ ነው፤ ማወቅ ነበረብኝ፤ አላሰብኩትም።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ቀጭን ሆነ። "አሻጥር ነው! ቀለም ነው የቀባችሁት!"

"ቀለም ከየት አምጥቼ? ፀሐይ ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"የምን ፀሐይ?"

"በየቀኑ የሰቀልከው አንተ ነህ። ፀሐይ ላይ ያዋልከው አንተ፤ እኔ ክሩን ብቻ ነው የነቀልኩት።"

አንተ ማለቴን ያወቅሁት ካልኩት በኋላ ነው። አንደኛው ዘበኛ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ሊቀመንበሩ በእጁ ጀርባ አፌን መታኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ከዚያ ፀጉሬን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ወሰደኝ፤ ወረቀትና ብዕር አቀረበልኝ።

"አሻጥሩን የሠራችው ጴንጤዋ ናት። እሷ ናት ብለሽ ጻፊ። ፈርሚና አሁኑኑ ወደ ልጅሽ ሂጂ።"

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ብዕሩን ተቀብያለሁ። ጡቴ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ልጅቷ ዛሬም ሆነ ነገ መወሰዷ አይቀርም፣ እኔ ብጽፍም ባልጽፍም ያው ነው ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። ቀና ስል አየኋት። እንደ ልማዷ ትከሻዋን ጨብጣ ቆማለች፤ የምጽፈውን ለማየት እንኳ አንገቷን አላሰገገችም። ትናንት ጡቴን ስታሻሽልኝ የነበረች እጅ ናት። ጨርቁን የወጠረችልኝም እሷው ናት።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ የጠለፍኩትም የፈታሁትም እኔ ነኝ። ከሥሩ ስሜን ሙሉውን ከነአያቴ ጻፍኩ። ጠላፊ ሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም፤ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሊቀመንበሩ አንብቦ ሳይጨርስ የካድሬው ላንድሮቨር ገባ። ካድሬው ወረደ፣ የተዘረጋውን አየ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? አንበሳው ራሱ ቀርቶ ማረሻ ሆኗል እኮ! አልሰማችሁም?"

ሊቀመንበሩ ወረቀቴን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የአራት ቀን ሥራዬ፣ ከንፈሬ፣ የልጄ ወተት፣ ሁሉም ለቀረ አንበሳ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ካድሬው ወደ ልጅቷ ዞረ። "መፈክር አላሰማም ያለችው ይቺ ናት? ግራ እጅሽን አንሺ።"

አላነሳችም። "ለጌታ ብቻ ነው የማነሳው" አለች፤ ቀስ ብላ።

"ጫኗት።"

መርፌው አሁንም ቀሚሴ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ በግርግሩ መሃል ማንም አልተቀበለኝም። ክሩም እንጨቷ ላይ እንደተጠቀለለ ኪሴ ውስጥ አለ። ወደ እሷ ሄድኩ።

"አንድ ጊዜ" አልኳቸው። "ራቁቷን አትሄድም።"

ለምን ዝም እንዳሉኝ እስካሁን አላውቅም። ካድሬው ሰዓቱን አየና "ፍጠኚ" አለ። እጇን ከትከሻዋ አነሳሁላትና ቅዳጁን በወርቅማው ክር ሰፋሁት። አሥራ አንድ ስፌት ነው። ሊቀመንበሩ ክሩን አወቀው። ስጨርስ መዳፉን ዘረጋልኝ፤ መርፌውን አስቀመጥኩለት።

ልጅቷ ሁለት እጇን ወደ ታች ለቀቀች። ሁለቱንም አውርዳ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። ልጅዎን ይሳሙልኝ።"

መኪናው ላይ ማንም ሳይደግፋት ወጣች። ትከሻዋ ላይ ያለው ክር በሩ እስኪዘጋ ድረስ ያበራ ነበር።

እኔን ሁለት ወር አቆዩኝና ምንም ሳይሉኝ ለቀቁኝ። ልጄ የጎረቤቴን ጡጦ ለምዳለች። ብብቴ ውስጥ ሳስገባት ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልጠባችም። የዚያችን ልጅ ወሬ ጠየቅሁ፣ አጠያየቅሁ፤ አየኋት የሚል አላገኘሁም።

አሁን ሀና ማርያም አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ባንዲራው ላይ ኮከብ ገብቷል። ታክሲ ውስጥ ሰዎች ይጣሉበታል፤ አንዱ አንበሳው ይላል፣ አንዱ ኮከቡ፣ አንዱ ባዶው። በቀደም አንድ ወጣት ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን፤ ያንን ዘውድ ከአንበሳው ላይ ያነሳው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እንዲስቁ ብዬ አልነበረም። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ፤ ዘውዱን የት እንዳስቀመጥኩት አልጠየቁኝም።