ሸምሱ በሩ ላይ የሰቀለው ጥቁር ጨርቅ

በ2007 ዓ.ም. ፋሲካ በወጣ በሳምንቱ የሆነ ነው። ስንት ዓመት አለፈው፤ ግን ዛሬም የሱቅ ቆርቆሮ በር ድንገት ጓ ሲል ስፌቴ ከእጄ ይወድቃል። ሰው "አልማዝ ደንጋጣ ሆነች" ይለኛል። ደንጋጣስ አልነበርኩም፤ እንዲያውም በሰፈሩ የምታወቀው በምላሴ ነበር።

ሳሪስ አቦ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ ከሸምሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ቀልደኛ ነው። እኔ ጾም ስይዝ "እትዬ አልማዝ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቆጪ ነው?" ይለኛል፤ ረመዳን ሲገባ ብድሬን እመልሳለሁ።

ከሱቃችን ጀርባ እማማ ዘነቡ ይኖሩ ነበር። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ብሩክ። ብሩክ እዚሁ ሸምሱ በር ላይ ኳስ እያወራ፣ እየተከራከረ ነው ያደገው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። ባሕሩን ተሻግሬ ለእናቴ ቤት እሠራላታለሁ ብሎ።

እነዚያን ጥቁር ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሰዎች በቴሌቪዥን ስናያቸው ከርመናል። መጀመሪያ ኢራቅ ተባለ፣ ቀጥሎ ሶሪያ። ከተማ ያዙ፣ ሰው አረዱ ይባላል፤ እኛ "ወይ ጉድ!" እንልና ወደ ሥራችን። ሩቅ ነዋ! ሊቢያ ገቡ ሲባል ግን እማማ ዘነቡ እንቅልፍ አጡ። ብሩክም መደወል አቆመ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቪዲዮው ወጣ። የኛን ልጆች ባሕሩ ጠርዝ ላይ አሰልፈው ሲያርዱ፣ በረሃ ላይ ሲረሽኑ። እኔ አላየሁትም፤ ወደፊትም አላየውም። ያዩት የሰፈር ልጆች ብሩክን በአረማመዱ ለዩት። አንድ እግሩን ጎተት ያደርግ ነበር። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል የእድር ሽማግሌዎች ሄደው መርዶውን ለእናቱ ተናገሩ። ያንን ጩኸት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ድንኳን ተተከለ።

ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ አብጦ መጣና፣ "እትዬ፣ ሁለት ሜትር ጥቁር ጨርቅ ስጪኝ። ጠርዙንም ስፊልኝ" አለኝ።

"ምን ሊያደርግልህ?"

"በሬ ላይ ልሰቅለው። ብሩክ ለኔስ ወንድሜ አይደል? ሐዘን ላይ መሆኔን አላፊ አግዳሚው ይወቅልኝ።"

አንጀቴን በላው። ሰፍቼ ሰጠሁትና እኔ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ረፋዱ ላይ ስመለስ የሸምሱን በር አይቼ ደሜ ቀጥ አለ። ጨርቁን ሰቅሎታል፤ በላዩ ላይ ደግሞ በነጭ ቀለም በዐረብኛ ጽፎበታል። ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ ዐረብኛ! እሱ ብሩሹን ይዞ ፊደሉ መጣመም አለመጣመሙን ያያል።

"ምን ነካህ አንተ ሰው! አውርደው!"

"ምነው እትዬ? እኛ ሰው ሲሞት የምንለው እኮ ነው። ይኼኛው ሲደርቅ ደግሞ ከሥሩ በአማርኛ 'ወንድማችን ብሩክ፣ ነፍስህን ይማር' ብዬ እጽፍበታለሁ።"

"ቴሌቪዥን አታይም እንዴ? የነሱን ባንዲራ መስሏል!"

ቀና ብሎ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀለሙን ጥሎ በርጩማ ላይ ወጣና ምስማሩን ሊነቅል ተንጠራራ።

ይኼኔ ግድያውን ሊቃወሙ መሀል ከተማ ሰልፍ ወጥተው የተመለሱ፣ ጥቁር ከነቴራ የለበሱ ጎረምሶች ከዋናው መንገድ ታጥፈው መጡ። ገሚሶቹን አላውቃቸውም፤ ገሚሶቹ የኛው ናቸው። እያወረደ ያለውን ሰው እየሰቀለ ነው ብለው አዩት። "ባንዲራቸውን ሰቀለ! ኧረ እየሰቀለ ነው!" አለ አንዱ።

የመጀመሪያው ድንጋይ የብስኩቱን መስታወት አወረደው። ሸምሱ ዞር ሲል ሁለተኛው ግራ ዓይኑን አገኘው። ከበርጩማው ወደቀና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል። ማን እንደወረወረ አይቻለሁ። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሙን እኔ የሰፋሁለት ልጅ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ጎትተው መንገዱ ላይ ጣሉት። በእርግጫ፣ በዱላ፣ በገዛ ሱቁ የሚዛን ብረት ወረዱበት። የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው፤ እኔ ዱላው የተሰበረ ነበር የመሰለኝ። ሱቅ የገቡት ዘይቱን ይደፋሉ፣ ስኳሩን ይበትናሉ። ሸምሱ ሊያስረዳቸው ፈልጎ ነው መሰል፣ ጨርቁ ላይ የጻፈውን "ኢና ሊላሂ! ኢና ሊላሂ!" እያለ ይጮኻል። ወይኔ ሸምሱ! ዐረብኛውን ሲሰሙ ባሰባቸው። "ይኸው፣ እየፎከረብን ነው!" አሉ።

"ሐዘን ነው! ለብሩክ ነው! እኔ ነኝ የሰፋሁለት!" ብዬ ላዩ ላይ ወደቅኩ። ማን ሊሰማኝ! አንዱ ሻሼን ከነጸጉሬ ጨብጦ አነሳኝ፤ ሌላው ትከሻዬን በዱላ አለኝ። ቀና ስል አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ከሱቁ የነጭ ጋዝ ጀሪካን ይዞ ወጣ። ሸምሱ ላይ ከራሱ ጀምሮ አንቆረቆረበት። "ክብሪት አምጡ!" አለ።

እዚህ ላይ ልመናዬን ትቼ በረርኩ። ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ፣ "እማማ ዘነቡ! ሸምሱን በብሩክ ስም ሊያቃጥሉት ነው!" አልኩ። እህል ያልቀመሱ፣ ሰው ደግፎ የሚያስቀምጣቸው ሴትዮ እንዴት ብድግ እንዳሉ ዛሬም ይገርመኛል። ከኋላቸው የእድር ሰዎች ተንጋጉ።

ስንደርስ ያ ጎረምሳ አንዱን ክብሪት ጭሮ ነፋስ አጥፍቶበት ሌላ እያወጣ ነበር። እማማ ማንንም አላናገሩም። መሬት ቁጭ አሉና በጋዝ የራሰውን ሸምሱን እቅፍ አደረጉት። ቀሚሳቸውም ነጠላቸውም ጋዝ በጋዝ ሆነ።

"በል፣ ጫር" አሉት ጎረምሳውን። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። "ጫር እንጂ!"

"እማማ፣ እኛ እኮ ለልጅዎ ደም ብለን ነው!"

"ልጄን አጋድመው አረዱት። አንተም ይኸው አጋድመህ ልታነድ ነው። ታዲያ በምን ልለያችሁ?"

እማማ ጎንበስ ብለው ሸምሱን "ምን ብለህ ነው የጻፍከው፣ ልጄ?" አሉት።

"የፈጣሪ ነን... ወደ እሱም ተመላሾች ነን" አለ፤ ደም ከአፉ እየወጣ። "ለብሩክ ነው እማማ።"

"እኛስ ሌላ ምን አልን?" አሉና እዚያው መንገዱ ላይ፣ ሸምሱን እንዳቀፉ ለልጃቸው አለቀሱ።

ጎረምሳው ክብሪቱን ጥሎ ሮጠ። ሌሎቹም አንድ ባንድ እየሸሹ ጠፉ። ሸምሱን ላዳ ውስጥ አስተኝተን ሆስፒታል አደረስነው። እስኪያክሙት ድረስ የጋዙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር፤ ዘመዶቹ ሲደርሱ ነው እኔም ትከሻዬ ማበጡን ያወቅሁት።

ነፍሱ ተረፈች፤ ዓይኑ ግን አልተረፈችም። ፖሊስ ሲጠይቀው "ማን እንደሆነ አላየሁም" አለ። እኔ ልናገር ብድግ ስል፣ "እትዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ተይው። ነገ እዚሁ ጎረቤት ሆነን ልንኖር ነው" ብሎ አፌን ዘጋው። ሱቁን ከፈተ። እማማ ዘነቡ በኋላ ሲያርፉ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ያ ዩኒፎርም የሰፋሁለት ልጅ አሁን ሚስት አግብቶ እዚሁ ሰፈር ይኖራል። ሲጋራ የሚገዛው ከሸምሱ ነው። ሁልጊዜ የሚቆመው ግን በግራ በኩል ነው፤ ሸምሱ በማያይበት። አንገቱን ደፍቶ ሲጋራውን ያነሳና ይሄዳል። ይህን እያየሁ ስንገበገብ ከርሜ፣ አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ "ሸምሱ፣ ይሄ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት።

ሳሙና እየደረደረ ነበር። "እንዴት አላውቀውም እትዬ" አለኝ። "በሁለቱም ዓይኔ መጨረሻ ያየሁት እኮ እሱን ነው።"

ከዚያ በኋላ ስለሱ አውርተን አናውቅም። ሸምሱ ይቅር ብሎት ይሆናል፤ ልቡን እሱ ያውቃል። እኔ ግን ምን እደብቃችኋለሁ፣ አልቻልኩም። የንስሐ አባቴ "ይቅር በይ" ይሉኛል፣ "እሺ አባ" እላለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ሳየው እንደገና ይነሳብኛል። ሰላምታ ሲሰጠኝ እንዳልሰማው ብዬ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ።