ሳያብብ ንቀሉት

የቀናሁት በአንዲት ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ሰው በሹመት ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፣ በሰው ሚስት ይቀናል። እኔ አርባውን አልፌ፣ ልጆች አድርሼ፣ ከዳባት ተዛውራ ደባርቅ ግብርና መሥሪያ ቤታችን በገባች ልጅ እስክሪብቶ እርር ድብን አልኩ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ቅናቱ ግን በሃፍረት የሚለቅ አልሆነልኝም።

እሷ ከመምጣቷ በፊት በቢሯችን የሚያምር ነገር ካለ የእኔ ሥራ ነበር። ለገበሬው የሚታደለውን በራሪ ወረቀት፣ በየቀበሌው የሚለጠፈውን ፖስተር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ምርጥ የስንዴ ዘር ሲመጣ ዛላውን ፀሐይ ላይ አንስቼ ገጹን ሙሉ አደርገዋለሁ፤ ምርጥ የድንች ዘር ሲመጣም እንዲሁ። ኃላፊያችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን እያሳየ «የራሳችን ልጅ ሥራ ነው» ይላል። አልዋሽም፣ ያችን ቃል ለመስማት ስል እንግዳ መምጣቱን ካወቅሁ ፋይል የምፈልግ መስዬ እገባ ነበር።

ልጅቷ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት። በመጣችበት ክረምት ከሊማሊሞ በታች ባሉት ቆላ ቀበሌዎች፣ በመኪናው መንገድ ዳር፣ ቅንጨ አረም መታየት ጀምሮ ነበር። አበባው ነጭና ጥቃቅን ስለሆነ የተከካ እህል የተበተነበት ይመስላል፤ ስሙም ከምንበላው ቅንጬ የመጣው ለዚያ ይመስለኛል። ዘሩ በመኪና ጎማ፣ በእህል ጆንያ፣ በጎርፍ ይጓዛል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል፤ በባዶ እጁ የነካው ሰው ገላውን ሲያክክ ይውላል፤ ማሳ ከገባ ማሽላውን ያቀጭጨዋል። መድኃኒቱ ሳያብብ ከነሥሩ መንቀል ነው። ለገበሬው ብሮሸር እንድናዘጋጅ ታዘዝን፤ እሷ ጽሑፉን፣ እኔ ዲዛይኑን።

በማግስቱ ከደብተር የተቀደደች አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች። በሰማያዊ እስክሪብቶ የቅንጨን ጨቅላ ሥላለች፤ ገና አበባ ያላወጣውን፣ መሬት ላይ በደረቱ የተኛውን፣ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀውን። አጠገቡ ፌስታል የተጠለቀበት እጅ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ያበበው ጥግ ላይ በትንሹ ተሥሎ በቀይ መስቀለኛ ተሰርዟል። ከላይ «ቅንጨ አረም፦ ሳያብብ ንቀሉት» ይላል።

«ካበበማ ማንም ያየዋል ጋሼ፤ ገበሬው ሊለየው የሚገባው ጨቅላውን ነው» አለችኝ።

ኃላፊው አይቶ ሰው ጠራ። ቆላ የተወለደው ዘበኛችን ሳይቀር መጥቶ ጎንበስ አለና «ይኸማ ካባቴ ማሳ ዳር አለ» አለ። በስንት ዓመት ሥራዬ ዘበኛው አንድም ቀን ፖስተሬ ፊት ጎንበስ ብሎ አያውቅም።  ይችን ልጅ ጠላኋት ማለት አልችልም፤ እጇን ግን ተመኘሁት።

ካሜራዬን ይዤ ሊማሊሞን ወረድኩ። ዝናብ ባባራበት ጠዋት፣ ጠል እንደያዘ፣ ያበበውን ቅንጨ አነሣሁት። ውብ ነበር፤ አረም ስለሆነ አያምርም ብዬ ልዋሽበት አልችልም። የሽፋኑን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ቀይ መስቀለኛ ባደርግበት ፎቶውን ስላበላሸብኝ አጠፋሁት። ርእሱን አጉልቼ ስጽፈው በአንድ መስመር አልገባ ስላለ «አረም» የምትለዋን ቃል ወደ ውስጥ ገጽ ገፋኋትና «ቅንጨን ይወቁት!» አልኩት። ሳያብብ ንቀሉት የሚለው በውስጥ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከብዙ ምክር መሐል ገባ።

«ሥዕሌስ?» አለችኝ ከመስክ ስትመለስ።

«ጠፋብኝ» አልኳት።

«ይሁን ጋሼ፤ አንተ ታውቃለህ» ብላ ተወችው። ሥዕሉ ያን ጊዜ በካሜራ ቦርሳዬ የኋላ ኪስ ውስጥ ነበር። ለመቅዳት በሰማያዊ እስክሪብቶ ስንት ጊዜ ሞክሬ የእኔው ጎመን እየመሰለ አስቸግሮኝ ነበር። ብሮሸሩ ጎንደር ታትሞ መጣ፤ በየቀበሌው ታደለ፤ ኃላፊውም «የራሳችን ልጅ» አለ። ደስ አለኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ከቆላ ወጥተው ቢሯችን መጡ። ብሮሸሩን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ይኸ ዘር መቼ ነው የሚታደለው?» አሉኝ።

«የቱ ዘር አባቴ?»

«ይኸ ቅንጨ ያላችሁት ነዋ። እኔስ ዘንድ ወፍ ዘራሽ ሆኖ በማሽላው ዳር በቅሎልኛል። ምራቴ ልትነቅለው ስትል ተይ ብዬ ከልክያታለሁ። ከብት እንዳይነካብኝም እሾህ አጥሬለታለሁ።»

 ልጅቷ ከጀርባዬ ብድግ ብላ «አብቧል አባቴ?» አለቻቸው።

«ሊያብብ ነው፤ እንቡጥ ይዟል።»

አረም መሆኑን ስትነግራቸው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን አዩ። «ወይ ጉድ! እስከዛሬ ከናንተ የመጣ ሥዕል ሁሉ የዘር ነው። ታዲያ ጠላት ከሆነ ምን ብላችሁ እንዲህ አሳመራችሁት?» አሉ። በሰው ፊት ነው ያሉት።

ኃላፊው ወጥቶ «ያ ሥዕልሽ የት ገባ?» አላት። «ጠፍቶብን ነው» አለች። ጠፍቶበት አላለችም። ደግነቷም ሌላ የምቀናበት ነገር ሆነብኝ።

ያኔውኑ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ከሽማግሌው ጋር ወረድን። ማሳው አንድ ነው፤ የዓመት ቀለባቸው ያ ማሽላ ነው። እንቡጥ የያዘው ፈክቶ ዘሩን ከጣለ በየዓመቱ ከሱ ጋር ሲታገሉ ሊኖሩ ነው። ልጅቷ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ከምራትየው ጋር በወዲያኛው ጫፍ እንቡጥ የያዘውን መንቀል ጀመረች። እኔና ሽማግሌው በወዲህ ያለው ሣር ውስጥ ጨቅላውን እንድንለቅም ተነገረን።

ጎንበስ አልኩ። ሁሉም ቅጠል አንድ ሆነብኝ። አንዱን ነቅዬ ሳሳያቸው «ይኸማ ለምግብ የምንለቅመው ጎመን ነው ልጄ» አሉኝ። ሌላ ነቀልኩ፤ እሱም አልነበረም። «ትንሹ ምን ይመስላል? ካልነገርኸኝ እንዴት አድርጌ ልለየው?» አሉ።

የካሜራ ቦርሳዬ ከነሥዕሉ ትከሻዬ ላይ ነው። ባላወጣው ልጅቷ አታውቅም። ባላወጣው ደግሞ እኒህ ሰው ማሳቸው ዳር ጎመን ሲነቅሉ ይውላሉ። የኋላ ኪሱን ከፈትኩና ሥዕሉን ሰጠኋቸው።

አንድ አፍታ አዩት። ወዲያው ከእግሬ ሥር፣ ልረግጠው ከነበረው ሣር መሐል፣ አንዱን መዥርጠው አወጡ። ቀጥለው ሌላ፣ ቀጥለው ሌላ። «ይችን ብትሰጡን ኖሮ!» እያሉ ነው የሚነቅሉት። ልጅቷ ድምፅ ሰምታ መጣች። ወረቀቷን በእጃቸው አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ሄዳ ሌላ ፌስታል አመጣችልኝ። እስኪመሽ አጎንብሼ ስነቅል ዋልኩ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ሁለተኛው ብሮሸር በሥዕሏ ወጣ፤ ሰማያዊው እንደ ሰማያዊ፣ ቀዩ መስቀለኛ እንደ ቀይ። የእኔ ድርሻ ኅዳጉን ማስተካከል ነበር።

በዓመቱ ሽማግሌውን ደባርቅ ገበያ አገኘኋቸው። ማሳቸውን ስጠይቃቸው ዘንድሮም ብቅ ብቅ ብሎ እንደነበር፣ በጨቅላነቱ እንደፈጁት ነገሩኝና ከኪሳቸው ሁለተኛውን ብሮሸር አወጡ። ለአራት ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፤ የጣታቸው ጭቃ በጨቅላው ሥዕል ዙሪያ ደርቋል። ተቀብያቸው አየሁት።

«የመጀመሪያውስ?» አልኳቸው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

«እሱማ ቤት ነው፤ ምራቴ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። አበባው ያምራል» አሉ፣ ደስ እንዲለኝ ብለው። ከዚያ «ይችን የሣለችው ልጅ ደኅና ናት? አንተ ዘንድ ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

«ደኅና ናት አባቴ። እሷ ዘንድ የምሠራው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ጭቃውን እያየሁ ቆሜ ስለነበር ትንሽ መጠበቅ ነበረባቸው።