የኦቦ ገመቹ ጆንያና የጫልቱ አልጋ ልብስ

ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙሉ ጨርቅ አስገብታችሁ፣ በቀጠሮው ቀን ስትሄዱ «አልበቃም፣ እጅጌውን አሳጠርኩት» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? የተረፈው ቁራጭ የት እንደሚገባስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ እያለሁ፣ አምቦ ከተማ፣ የሰፈራችን ሴቶች ጨርቅ የት እንደገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ግማሹን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን። መምህርታችን ከልብስ ሰፊዎች በረንዳ የለቀምነውን ቁርጥራጭ እያጋጠምን የአልጋ ልብስ እንድንሠራ አስተማረችን። አሠራሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። መጀመሪያ ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ ካርቶን ልክ አራት ማዕዘን ሆነው ይቆረጣሉ። ከዚያ ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኝቶ አንዱን ጠርዝ መስፋት፣ ገልጦ ስፌቱን በጥፍር ማስተኛት ነው። እንዲህ ተደርገው አራት ቁራጮች ሲጋጠሙ ልክ ባለ አራት መስታወት መስኮት ይመስላሉ፤ እኛም «መስኮት» እንላቸው ነበር። ብዙ መስኮት ጎን ለጎን ሲሰፋ አልጋ ልብስ ይሆናል።

ሁሉም ልጅ ቁርጥራጭ የሚለቅመው ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ ስለሆነ በእረፍት ሰዓት መስኮት እንለዋወጥ ነበር። ከቤታችን አጠገብ ያለው ሰፊ የሚሰፋው የዘበኛ ልብስ ብቻ ስለነበር ቅያሪ ባይኖር የኔ አልጋ ልብስ የወታደር ድንኳን ይመስል ነበር። አበባ ያለበት አንድ የጭት መስኮት በሁለት ካኪ ይሄዳል። ከፈይ ያላት ልጅማ አጠገቧ ለመቀመጥ ወረፋ ነበረው።

ከሁላችንም ቀጥ አድርጋ የምትሰፋው ጫልቱ ነበረች። እናቷ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጫልቱ የስድስተኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፋ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ነገር ግን የመኝታ ልብሷን ራሷ ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። ቤታቸው ያለው አንድ ጋቢ ነው፤ እሱንም እናቷና ታናናሾቿ ይለብሱታል። «የእማዬን ጋቢ ገፍፌ አልሄድም። ካልሆነ እቀራለሁ» አለችን። ጫልቱ እቀራለሁ ካለች ትቀራለች።

ስለዚህ ክረምቱን ያለንን መስኮት ሁሉ አዋጣንላት። አልበቃም። ግማሽ አልጋ እንኳ አልሸፈነም። ያኔ ነው ኦቦ ገመቹ ቤት የሄድነው። ኦቦ ገመቹ የሴት ልብስ የሚሰፋ፣ አንገቱ ላይ ሜትር የማይጠፋ፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ለእኛ ግን ከክር የማይሻል ቅዳጅ እንጂ ደህና ቁራጭ ሰጥቶን አያውቅም። በዚያን ቀን ለቅሶ ሊደርስ ጉደር ሄዷል። ሚስቱ እትዬ አስካለ ጉዳያችንን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባችና በአፉ የታሰረ ጆንያ እየጎተተች ወጣች።

«ውሰዱልኝ! አይጥ ሊራባበት ነው እኮ» አለችን።

ጆንያው የስፌት መኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ስንፈታው ማመን አቃተን። ፖፕሊን፣ ጭት፣ ካኪ፣ ከፈይ! አንዳንዱ ክንድ የሚያህል ነበር። ደብተር ላይ መስመር ሳላሰምር የማልጽፍ ልጅ ነበርኩና ወዲያው ሕግ አወጣሁ፦ ሁለት አንድ ዓይነት ጨርቅ ጎን ለጎን አይውልም። ጨርቁን ተከፋፍለን በየቤታችን ሰፋን፤ መስኮቶቹን እንደገና ተለዋወጥን፤ አንዱ ቢጫ ራስጌ፣ ሌላው ግርጌ እየሆነ ተበታተነ። መስቀል ሲያልፍ ፊቱ ተጋጥሞ አለቀ። የቀረው ገበር ማልበስ ብቻ ነበር። ጫልቱ የምትሄደው ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ነው።

ቅዳሜ ዕለት አይጥ አይጥ እንዳይሸት ብለን ሁሉቃ ወንዝ ወስደን በእንዶድ አጠብነውና ቁጥቋጦ ላይ ዘረጋነው። ውሃው ጠርቷል፣ ፀሐዩ ለጉድ ነው፤ የሰፈሩ ሴት በሙሉ ልብስ ሊያጥብ ወርዷል። የሠራነውን ስህተት እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ድምፃቸው ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሴትዮ ናቸው።

«ይሄ ድሪቶ የማነው?»

«ድሪቶ አይደለም፣ እትዬ» አልኩ፤ ማስረዳት ያኔም እወድ ነበር። «ድሪቶ ቀዳዳ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ይሄ ግን አዲስ ከአዲስ ጋር…»

አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው አንድ ቢጫ ባለ አበባ ቁራጭ በጣታቸው ያዙ። ከዚያ የለበሱትን ቀሚስ ጫፍ አነሡና አጠገቡ አደረጉት። ያው ቢጫ፣ ያው አበባ ነው።

«እጅጌዬ!» ብለው ጮኹ። «አልበቃም ብሎ ክርኔ ላይ የቆረጠው እጅጌዬ ይኸውና!»

ሴቶቹ ልብሳቸውን ውሃ ውስጥ ጥለው መጡ። አንዷ «የልጄን ሱሪ ያለ ኪስ ነው የሰፋው! ኪሱ ይሄ አይደል እንዴ?» አለች። ሌላዋ «እኔንማ ወፍረሻል ነው ያለኝ» ብላ ወገቧን ያዘች። እናቴ እንኳ አንድ ሰማያዊ ፖፕሊን ላይ አፍጥጣ «ተው ገመቹ፣ ተው ገመቹ» ትል ጀመር። እኔና ጫልቱ ደርሰን ሳናነሣው አልጋ ልብሱ ከነርጥበቱ ተጠቅልሎ እትዬ በላይነሽ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ሰልፉም ወደ ኦቦ ገመቹ በረንዳ ተንቀሳቀሰ። ጫልቱ እየሮጠች «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ሊቀዱት ነው፣ ሊቀዱት ነው» ትላለች።

ኦቦ ገመቹ ሲያየን እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሣ። «አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ» እያለ አንድ በአንድ ሰላም ማለት ያዘ። እትዬ በላይነሽ ያን ሁሉ ቀለም ፊቱ ዘረጉት።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

ይኼኔ ሚስቱ ብቅ አለች። «ውይ፣ እንዴት አማረ! ጆንያውን እኮ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለች፤ ደስ ብሏት። ኦቦ ገመቹ ዓይኑን ጨፈነ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ መሳቅ ጀምረው ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ግን አልሳቁም።

«መቀሱን አምጣ። የኔን ቆርጬ እወስዳለሁ።»

ጫልቱ እጄን ጨመቀችኝ። መቀሱ መጣ። እትዬ በላይነሽ ቢጫቸውን ያዙና ጫፉ ላይ መቀሱን ከፈቱ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች የልጇ ሱሪ ያለ ኪስ የቀረባት ሴት። «እሱን ከቆረጥሽው የኔ ካኪ ይቀደዳል።»

እትዬ በላይነሽ ወደ ሌላው ቢጫ ዞሩ። እዚያም እናቴ እጇን ሰማያዊው ላይ ጫነች። «በዚህ በኩል እንዳትነኪ፣ በላይነሽ።» ግርጌ ሄዱ፤ ግርጌም ከፈዩን የምትጠብቅ ሴት ቆማለች። አንድ ዓይነት ጨርቅ ጎን ለጎን አይውልም ብዬ ስበታትነው ክረምቱን የከረምኩት ለማሳመር ብቻ ነበር። አሁን ግን የእያንዳንዷ ጨርቅ በሌሎቹ ጨርቅ ተከቦ፣ የራሷን ለመውሰድ የጎረቤቷን የማትቀድ ሴት ጠፋች። እትዬ በላይነሽ መቀሱን እንደከፈቱ አልጋ ልብሱን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ለመሆኑ ለማን ነው የሰፋችሁት?» አሉ በመጨረሻ።

ጫልቱ ቀና ብላ «ለኔ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ሌሊት የምለብሰው የለኝም» አለች። ልመና አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው።

እትዬ በላይነሽ መቀሱን ዘጉት። ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረው «በል ተቀመጥ! ገበሩን ከራስህ አቡጀዲ ታለብሳለህ፣ መሃሉ ላይም የሚያሞቅ ነገር ታስገባለህ፤ ዛሬውኑ፣ እኛ እያየንህ። አሁንም አይበቃም በልና ጉድህን አያለሁ» አሉት።

ኦቦ ገመቹ ተነሥቶ አቡጀዲውን ከመደርደሪያ አወረደ። ሜትሩን ካንገቱ ሳብ አድርጎ በቁመት ለካ፣ በወርድ ለካ። ሴቶቹ ሜትሩ ላይ አጎነበሱ።

«ገአ» አለ በትንሽ ድምፅ። «ይበቃል። እንዲያውም ይተርፋል።»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ገመቹ «ይተርፋል» ሲል አምቦ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። ራሱም ሳቀና፣ አልጋ ልብሱ ፀሐይ ላይ እንደደረቀ እግሩን መርገጫው ላይ መለሰ፤ እትዬ አስካለ ያረጀ ብርድ ልብስ ለመሃሉ ይዛ መጣች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ጫልቱ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ጥቅሉን ያቀበሏት እትዬ በላይነሽ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ጫልቱ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ሴቶቹ ከሷ በፊት ስለጨርቃቸው ይጠይቁ ነበር። «ቢጫዬ ደህና ናት? ቀለሟ አልለቀቀም?» ይላሉ እትዬ በላይነሽ፤ አዲስ አበባ ዘመድ እንዳለው ሰው ይኮሩ ነበር።

አሁን ጫልቱ ነቀምት ነርስ ሆናለች፤ አልጋ ልብሱን ሴት ልጇ ትለብሰዋለች። እኔ ጉደር አስተምራለሁ። ዛሬ ብርድ ልብሱም ቀሚሱም ተሰፍቶ ከሱቅ ይገዛል፤ የተማሪዎቼ እናቶችም እርስ በርስ የሚተዋወቁት በስም ነው እንጂ በቀሚስ አይደለም። ኑሮው ቀለል ብሏል፤ እኔ ግን በእረፍት ሰዓት የነበረው የመስኮት ገበያ ይናፍቀኛል።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ሳጥናችሁ ታች የተቀመጠውን ቁርጥራጭ አውጡ፤ ካርቶን ቁረጡና አራት አራቱን አጋጥሙ። የራሳችሁን ለብቻ ግን አትስፉ፤ ወደ ጎረቤት ሂዱና ተለዋወጡ፣ በደንብ በታትኑት። አንድ ቀን መቀስ የያዘ ሰው ቢመጣ ከየት እንደሚጀምር ይጥፋው።