የፍሮምሳ ቀይ ቤዝ

ፍሮምሳ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው። ከየካ ሚካኤል ወደ መገናኛ ስትወርዱ "ለማጅ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ነጭ መኪና መሀል መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ካስቆመቻችሁ፣ ከተማሪው በስተቀኝ የተቀመጠው ቀጭን ሰውዬ እሱ ነው። እባካችሁ ክላክስ አታድርጉበት። ተማሪውን ማረጋጋት የሱ ሥራ ነው፣ እሱን የሚያረጋጋው ግን የለም።

ደግ ሰው ነው። የማይወደው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማርሽ የሚያንጫርር ተማሪና ቤዝ ጊታሩን የሚነካ ሰው። ተማሪውን እንደምንም ይታገሠዋል። ቤዙን የነካ ግን ፓስተርም ቢሆን አለቀለት። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ድራም መትቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያችን ቀይ ቤዝ ጊታር ያቀፍኳት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በረዶ መጥቶብን ስንሮጥ። ከኋላዬ "ቀስ! ቀስ!" እያለ ሲጮህብኝ አስፋልቱ ላይ ወድቄ ልሞት ነበር፣ እሱ ግን የተጨነቀው ለሷ ነው።

ቤዟ የመጣችው በ1988 ዓ.ም. ነው። ያኔ ኳየራችን የነበረው አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ጊታርና ድራም ለማለት የሚያሳፍር የኔ ድራም ብቻ ነበር። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆች አንድ ትልቅ ካርቶን ላኩልን። ውስጡ ማይክሮፎን፣ አምፕሊፋየርና በብርድ ልብስ የተጠቀለለች ቀይ ጊታር አገኘን። ደብዳቤ የለም፣ ማብራሪያ የለም። ከበን ቆመን አየናት። አንገቷ ረጅም ነው። ክሮቿ ልብስ የሚሰጣበት ሽቦ ያህል ይወፍራሉ፤ ደግሞም አራት ብቻ ናቸው። ጊታር ስድስት ክር እንዳለው ሕፃን እንኳ ያውቃል። ስለዚህ የኳየሩ መሪ እትዬ ዘውድነሽ ሁለቱ ክሮች መንገድ ላይ ጠፍተዋል ብለው ወሰኑ።

እኛም አመንን። የረቡዕ ጸሎት ላይ ጉዳዩ እንደ ጸሎት ርእስ ቀረበ። ከታመሙት ቀጥሎ፣ ፈተና ከሚፈተኑት በፊት፣ "ስለ ሁለቱ ክሮች" እየተባለ አንድ ወር ሙሉ ተጸለየ። እኔ ራሴ አንድ ቀን ጾሜላቸዋለሁ። በኋላ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይህች ቤዝ ጊታር እንደሆነችና ክሮቿም ከመጀመሪያው አራት ብቻ እንደሆኑ ሲነግረን፣ እትዬ ዘውድነሽ ምንም ሳይደነግጡ ርእሱን ወደ ምስጋና አዛወሩት።

ማን ይጫወታት የሚለው ብዙ አላከራከረም። በኳየራችን የቆየ ልማድ አለ፤ ድምፁ እምቢ ያለው ዘማሪ አይባረርም፣ መሣሪያ ይሰጠዋል። እኔም ድራም ላይ የተቀመጥኩት በዚሁ መንገድ ነው። ፍሮምሳ ከነቀምቴ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቴነር ውስጥ ቆሞ ከልቡ ይዘምራል፤ አጠገቡ የቆሙት ደግሞ ከልባቸው ይሠቃያሉ። እትዬ ዘውድነሽ እጁን ያዝ አደረጉና፣

"ፍሮምሳዬ፣ ጌታ እነዚህን ጣቶች ሊጠቀምባቸው ይፈልጋል" አሉት።

ፍሮምሳ በደስታ አለቀሰ። እስከ ዛሬ ያን ቀን የጥሪዬ ቀን ይለዋል። ማን ደፍሮ ያርመዋል?

አስተማሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤዟን ልክ ጊታር ተጫዋቾች እንደሚይዙት አድርጎ ያዛት፣ ያገኘውን ድምፅ ጠብቆ በቃሉ አጠና። አምፕሊፋየሩ ከቤተ ክርስቲያን ስለማይወጣ ቤት ውስጥ ቤዟ ድምፅ የላትም። እሱ ግን መላ አላጣም። የካ ሚካኤል የተከራያት ክፍል በር ቆርቆሮ ነበር፤ የቤዟን አንገት በሩ ላይ አስደግፎ ሲመታ በሩ አብሮ ያንጎራጉራል። አከራዩ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በሩ ውስጥ ንብ ገብቷል ብለው ሁለት ቀን ሙሉ በግቢው ሲዞሩ ቆይተዋል። በሦስተኛው ወር እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ሲመታ መዝሙራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሩ ወለል የተነጠፈለት መሰለን። በጣም ነው ደስ ያለን።

ችግሩ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከአዳማ የመጣ የእንግዳ ኳየር ቤዝ ተጫዋች ቤዟን ለሙከራ አንስቶ ትንሽ ነካካትና፣

"ይሄ እኮ የግራኝ ነው። አንተ ግራኝ ነህ እንዴ?" አለው።

ፍሮምሳ ግራኝ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቤዟ የተሠራችው በግራ እጁ ለሚመታ ሰው ነበር። ፍሮምሳ እንደ ቀኝ ሰው ሲይዛት ክሮቿ ተገለበጡ፤ ከላይ መሆን የነበረበት ወፍራሙ ክር ከታች፣ ከታች መሆን የነበረበት ቀጭኑ ከላይ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረው ሁሉ የተገለበጠ ነው። በሳምንቱ ሌላ ቤዝ ተውሶ በደንቡ ለመማር ሞከረ። ጣቶቹ እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤዝ አይነካም፣ የሱንም አያስነካም። ሰው የመድረክ ኩራት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ዓይኑን አውቀዋለሁ፣ ኀፍረት ነው። እትዬ ዘውድነሽ ወደ ጌታ ሄደዋል፣ ያኔ የነበሩት አብዛኞቹ ተበትነዋል። ምስጢሩን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ቀረን። ሚስቱ ጵርስቅላ እንኳ አታውቅም፤ ኳየሩ ውስጥ አልቶ ዘማሪ ነበረች፣ አልቶዎች ደግሞ ወደ ቤዝ ዞር ብለው አያዩም።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ፌበን። ፌበን ስትወለድ ፍሮምሳ ቃል የሌለው አጭር ዜማ ሠራላት። ቤዟን አልጋዋ ላይ አስደግፎ ሲመታላት ልጅቷ ዜማውን ከጆሮዋ በፊት በጀርባዋ ነው የለመደችው። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ አንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ልታገባ ስትል አባቷን አስቀምጣ፣

"አባዬ፣ ወርቅም ምንም አልፈልግም" አለችው። "እጄን ይዘህ አስገባኝ፣ ከዚያ መድረክ ወጥተህ የኔን ዜማ ምታልኝ። በቃ።"

ፍሮምሳ ከሠርጉ ስድስት ወር በፊት ልምምድ ጀመረ። ለማጅ አጠገቡ ይዞ እንኳ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሲሄዱ አይቻለሁ።

ሙሽራው ፊልሞና ይባላል፤ የኮተቤ ልጅ ነው፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ነው። የተማረው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ቤዝ። ፍሮምሳ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለ።

ሽምግልናው ካለቀ በኋላ ልጁ ፍሮምሳ ቤት ተጠርቶ መጣ። እኔም በሙሽሪት ወገን ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ስለነበርኩ አብሬ አለሁ። ሦስት ሙዚቀኛ አንድ ላይ ከተቀመጠ ወሬው የት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ የመጀመሪያ መሣሪያችሁ ምን ነበር?

"የኔ የመጀመሪያ ቤዝ" አለ ፊልሞና እየሳቀ፣ "የአጎቴ የተሰበረ ጊታር ነው። ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ነቅዬ ጣልኩና 'ቤዝ ሆነ' ብዬ አወጅኩ። ቤተሰቡ በሙሉ አጨበጨበልኝ።"

ሳቅን። ወዲያው ልጁን ወደድኩት።

"እርስዎስ ጋሼ?"

ፍሮምሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "የኔ ቀይ ነበረች። አሁንም ቀይ ናት" አለና ወደ ጓዳ ዞሮ "ጵርስቅላ፣ ሻይ ጨምሪላቸው እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሻያችን ገና አልተነካም ነበር። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፣ አልሰማም።

ልጁ ከሄደ በኋላ ለምን አትነግረውም ብዬ ተቆጣሁ።

"ተምሮ የመጣ ልጅ ነው" አለኝ። "የሚስቱ አባት ተገልብጦ እንደሚጫወት ዛሬውኑ ማወቅ አለበት?"

ያን ቀን ቢነግረው ኖሮ የሚቀጥለው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ፊልሞና ከፌበን ጋር ሲያወራ የቤዟ ክሮች ከተቀየሩ አሥራ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸውና እንደዛጉ ሰማ። ላስደንቃቸው አለ። በሠርጉ ሳምንት ሐሙስ፣ ፍሮምሳ ከነቀምቴ የሚመጡ ዘመዶችን ሊቀበል ሲወጣ፣ ጵርስቅላ ቤዟን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሰጠችው። ፊልሞና ሳጥኗን ሲከፍት ግራ ገባው።

"ፌቡ፣ አባትሽ ግራኝ ናቸው?"

"አባዬ? በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ይጽፋል፣ ሳጠፋ በቀኙ ነው የሚቆነጥጠኝ።"

ልጁ አዘነ። አንድ የማያውቅ ሰው ክሮቹን አዛብቶ አስሮባቸው፣ እኚህ ምስኪን ሰውዬ ስንት ዘመን ሲቸገሩ ኖሩ አለ በልቡ። ክሮቹ አንገቷ ጫፍ ላይ የሚያርፉባትን ማቀፊያ በአዲስ ቀየረ፣ አዳዲስ ክሮች ገዝቶ ወፍራሙን ከላይ፣ ቀጭኑን ከታች አድርጎ በደንቡ አሰረ፣ ቀዩን ቀለም እስኪያበራ ወለወለና ዓርብ ማታ ቦታዋ መለሳት። ፍሮምሳ ድንኳን ሲያስተክል፣ ወንበር ሲቆጥር ሳጥኗን ለመክፈት ጊዜ አላገኘም። እኔም ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር አጋማሽ፣ ሲ.ኤም.ሲ ያለው አዳራሻችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ፍሮምሳ ልጁን እጇን ይዞ አስገባት፣ ግንባሯን ሳመ፣ ለፊልሞና ሰጣትና መድረክ ላይ ወደ እኛ ወጣ። ሳጥኑን ከፈተ። ክሮቹ ሲያበሩ አይቶ ትንሽ ቆም አለ፤ ግን አራት መቶ ሰው እየጠበቀው ነው። አንጠልጥሎ የመጀመሪያውን ድምፅ መታ።

ከሥር መምጣት የነበረበት ድምፅ ከላይ መጣ። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ። ፍሮምሳ እጁን ክሮቹ ላይ ጭኖ አፈናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ። ፌበን ቀና ብላ አየችው። ኪቦርድ የምትመታው ልጅ ወደ እኔ ዞረች። ምን ላድርግ? ዝምታው እንዳይበላን ብዬ ድራሙን ቀስ አድርጌ መምታት ጀመርኩ። ስድስት ወር የለፋበት ዜማ፣ ልጁ ከዚህ ሌላ ያልጠየቀችው አንድ ነገር፣ ዓይናችን እያየ ሊቀር ነው።

ፍሮምሳ በአውራ ጣቱ ክሮቹን አንድ በአንድ ነካቸው። ከላይኛው ወፍራም ክር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሦስቱን ተዋቸው፣ በዚያ በአንዱ ክር ብቻ ጀመረ።

"የሚገለበጠው አራቱ ሲሰለፉ ነው" አለኝ ኋላ። "አንዱ ብቻውን ሲሆን ምን ላይ አለው፣ ምን ታች አለው?"

በአንድ ክር ዜማ መምታት ግን እጅን ያስሮጣል። ሌላው ሰው አጠገቡ ካለው ክር የሚያገኘውን ድምፅ እሱ አንገቷን ሙሉ ወጥቶ፣ ሙሉ ወርዶ ነበር የሚያመጣው። መቸኮል አይቻልም። እኔም ከበስተኋላው ምቴን ዝግ አደረግሁለት። ሁለቴ ሳተ፤ ተመልሶ ፈልጎ አገኘው። ሕዝቡ አዲስ ቅንብር መስሎት አንገቱን ይወዘውዛል። ከመድረኩ ፊት የቆመው ሙሽራ ብቻ የፍሮምሳን እጅ እያየ ከሙሽራነት ወደ በሽተኛነት ሲለወጥ ታየኝ። ገብቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለፎቶ እንጦጦ ወጣን። ከእኛ በፊት የመጡ ሦስት ሙሽሮች ባሕር ዛፉ ሥር ተራ ይጠብቃሉ። እኔና ፍሮምሳ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠን ጫማችንን ስናላላ፣ ፊልሞና ከሚዜዎቹ ተነጥሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ክሮቹን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ተሳስተው የታሰሩ መስሎኝ..."

"ቆንጆ ክር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ግን ለእርስዎ ትክክሉ የድሮው ነበር፣ አይደል?"

ፍሮምሳ እኔን አየኝ። እኔ ዛፍ አየሁ። ከዚያ ነገረው፤ ካርቶኑን፣ የቆርቆሮውን በር፣ የአዳማውን እንግዳ፣ ሁሉንም። ለሁለቱ ክሮች እንደጸለይን ሲሰማ ልጁ የሙሽራ ሱፉን እንደለበሰ ዛፍ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣

"ታዲያ ያን ቀን ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?" አለ።

"አፍሬ ነው" አለ ፍሮምሳ። "ልጄን የሚወስዳት ሰው እንዳይንቀኝ ፈራሁ።"

ፊልሞና ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ፍሮምሳ ያዘውና አቀፈው። "ሰኞ ክሮቹን አስተካክላቸዋለሁ" ሲል ልጁን ሰማሁት። "ሰኞ ሙሽራ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ" አለው ፍሮምሳ።

ያኔ ፌበን ረጅም ነጭ ቀሚሷን አፈሩ ላይ እየጎተተች መጣች።

"አባዬ፣ ዜማዬን ቀየርከው አይደል?"

"ከፋሽ?"

"ቤት ስትመታልኝ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ። ወይ ተማሪ ይጠብቅሃል፣ ወይ ልምምድ ረፍዶብሃል። ዛሬ አልቸኮልክም። ከተወለድኩ ዜማዬን እስከ መጨረሻው የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።"

ፍሮምሳ ጎንበስ ብሎ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጁ ከአፈሩ አነሳ፣ እስከ መኪናው ድረስ ከኋላዋ ይዞላት ሄደ። እንባው ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።