ጉጡ የወደቀበት ጣውላ

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን እንባዬ አለቀ። ይህን ስናገር ዛሬም የሚቆጣኝ ዘመድ አይጠፋም፤ ይቆጣ። አባቴን እወደው ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ ደራሽ ጋር ጮኼ፣ ድምፄ ተዘግቶ፣ ፊቴ አብጦ፣ በአራተኛው ቀን ስነቃ የሚወጣ ነገር አልነበረኝም። ሐምሌ ነበር። ሚኒስትሪ አልፌ ወረቀቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ ብዬ ቀን የምቆጥር ልጅ ነበርኩ።

እናቴ ደግሞ በቀብሩ ዕለት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰዉ ደንግጣ ነው፣ ቆይቶ ይወጣላታል አለ። አልወጣላትም። በእንባው ፋንታ ቤቱን ዘጋችው። ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች፣ እኔንም አለበሰችኝ። ፍራሻችንን ከአልጋ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችው። ራዲዮኑን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። ሳቅ የለም፣ በዓል የለም፣ ጎረቤት ሄዶ መጫወት የለም። ከግቢ የምወጣው ውሃ ልቀዳና እሁድ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ልሳለም ብቻ ሆነ፤ እሱንም የነጠላዬን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከእሷ ኋላ ኋላ።

ስለ ትምህርቱ ሳነሳባት መልሷ አንድ ነበር፤ የአባትሽ ሙት ዓመት ይውጣ። መስከረም መጥቶ ሄደ። ጠዋት ጠዋት አብረውኝ ሚኒስትሪ የወሰዱት ልጆች ደብተራቸውን ታቅፈው በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ድምፃቸውን እየለየሁ እሰማ ነበር። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው፤ ሰፈራችን ኮልፌ መብራት የገባላቸው ቤቶች ገና ይቆጠራሉ፤ የመርካቶ ሰይቼንቶ ታክሲ በጭቃው ውስጥ እየተንፈራፈረ ይመጣል፣ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ታፍኜ ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። አንዳንድ ቀን አባቴን ራሱን እቀየመው ነበር፤ ምን አስቸኮለህ እለዋለሁ በልቤ።

አባቴ አናጢ ነበር። የሚሠራበት ክፍል ከቤታችን ጋር በአንድ ቆርቆሮ ሥር ነው። የእኛን ጓዳ ከእሱ መሥሪያ የሚለየውን ግድግዳ ራሱ በጣውላ መትቶታል። ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ ያለበትን ጣውላ ለደንበኛ አይሸጥም፤ ጉጥ ደርቆ ይወድቃል፣ ያሳፍረኛል ይል ነበር። ጉጣሙ ሁሉ ለእኛ ቤት ይቀራል። ከሞተ በኋላ ኑሮ ሲከብደን እናቴ መሥሪያውን አከራየችው። ያስቀመጠችው ሁኔታ ሁለት ነው፤ ድምፅ አይሰማ፣ የሥራ ጠረጴዛው ደግሞ ካለበት አይነካ። ጠረጴዛው ከበሩ በስተግራ፣ ከጓዳችን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ሥር ነበር። መላጊያው እንደተቀመጠ፣ ግማሹ የተላገ አንድ ጣውላ እንደተጋደመ ነው የተከራየው።

ተከራያችን ፒያሳ አንድ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን የሚያሠሩ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ማታ ማታ ሥራ ስለሚገቡ ቀን ቤት ናቸው። የገቡ ዕለት ከአልጋና ከምጣድ ይልቅ የበዛው ዕቃቸው ክብ ክብ የቆርቆሮ ዕቃ ነበር። ፊልም ያስመጣ የነበረ አንድ ግሪክ ወደ አገሩ ሲመለስ መጋዘኑን ሲያጸዳ የጣለውን፣ ማንም ሲኒማ ቤት የማይፈልገውን፣ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው የጠፋበትን ፊልም ሁሉ ሰብስበው ነው። ጠግነው ገጠር እያዞሩ ሊያሳዩት ያስባሉ። ማሽኑም እንደ ፊልሙ ነው፤ የድምፁ ዕቃ ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ነው እናቴ ያላወቀችው። ከጓዳችን ማዶ የሚሰማው የስፌት መኪና የመሰለ ቀስ ያለ ትክ ትክ ብቻ ነበር፤ እሷም ልብስ የሚሰፉ መስሏት ምስኪን፣ ሚስት የለው አለች።

ጉጡን ያገኘሁት በኅዳር ነው። እጄን ጣውላው ላይ አሳርፌ ስነሳ አንድ ቡናማ ክብ እንጨት መዳፌ ላይ ወደቀ። አባቴ የፈራው ደረሰ ማለት ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን ሳጎነብስ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ጋሼ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍነው፣ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ አንሶላ ወጥረዋል። አንሶላው ላይ ራቁቱን ለመሆን ትንሽ የቀረው አንድ ፈርጣማ ፈረንጅ ቤት የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ነበር። ወረወረው። ድንጋዩ መሬት ሲነካ እንደ ኳስ ነጠረ። ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ መጣብኝና የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሕይወቴ ያቺ ቀዳዳ ሆነች። እናቴ ከምሳ በኋላ ዳዊት ስትደግም፣ እኔ ምስሬን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ዣንጥላ እየሸጠ የሚኖር፣ ጎራዴውን ዣንጥላ ውስጥ የሚደብቅ ጃፓናዊ ሽማግሌ አየሁ። በአንድ የውሃ ጉድጓድ የሚጣሉ የህንድ እህትማማቾች አየሁ፤ ጠቡ መሃል ሰው ሁሉ ተሰልፎ አፉን ይከፍታል፤ እየዘፈኑ መሆኑን የተረዳሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ጥላው ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሙሽራ አይቼ ለሳምንት ወደ ሽንት ቤት ብቻዬን መሄድ አቃተኝ። አንሶላው አጭር ስለነበረ የሁሉም እግር ከአንሶላው አልፎ የአባቴ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ ጎራዴ የያዘውም፣ ሙሽራውም፣ እግራቸው መላጊያው ላይ ታጥፎ ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ ቆይቶ ለመድኩት፤ ጭራሽ አልታይ አለኝ።

ርዕስ ያለው ፊልም አልነበረም። ጋሼም የተዋናዮቹ ንግግር ስለማይሰማ በሹክሹክታ እሳቸው ይናገሩላቸዋል። ጥላው የቀደመውን ሙሽራ፣ "ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ምን ያስቆምሃል በር ላይ" ሲሉት ሰምቼ በሳቅ ልሞት ነበር።

ከሁሉ አንድ ነበር የእኔ። የየትኛው አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በረዶ ብቻ የሆነ ሜዳ፣ አንዲት ትንሽ የባቡር ፌርማታ፣ እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት። ባቡር ትጠብቃለች። ፋኖስ ታበራለች፣ በረዶ ትጠርጋለች፣ ሰዓት ታያለች። ሌላ ነገር የለም። ጋሼ አልወደዱትም፤ ገጠር ባሳየው ይወግሩኛል እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን ፊልሙ እየተቆረጠ ስላስቸገራቸው ለመቀጠል ብለው ደጋግመው ያዩት ነበር። እኔም ደጋግሜ። የመጨረሻው ጥቅል የለም። ሴትዮዋ ፋኖሷን አንስታ ወደ ሐዲዱ ትዞርና አንሶላው ባዶ ይሆናል። በየቀኑ ዛሬ ይመጣ ይሆናል እላለሁ፤ ቂልነት ነው፣ እንደሌለ እያወቅሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የጣውላው ትቢያ ዓይን ያቀላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይርገበገብ ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ዓይን ደግሞ ያለቅሳል። አንድ ቀን ከጓዳ ስወጣ እናቴ አየችኝ። ዳዊቷን አጠፈችና፣ "አልቅሺ፣ ልጄ። አትያዥው" አለች። አቀረቀርኩ። በእድር የምታውቀን አንዲት ጎረቤታችን አንዱ ዓይኔ ብቻ ለምን እንደሚቀላ ስትጠይቀኝ ደነገጥኩ፤ ከዚያ በኋላ በተራ በተራ በሁለቱም ማየት ጀመርኩ። ወሬው ሰፈሩን ሞላው። የአናጢው ልጅ ዓመት ሊሞላው እንባዋ አልደረቀም፣ ልጅ ይሏል እንዲህ ነው ተባለልኝ። ቦኖ ውሃ ስቀዳ ሴቶች ተራ ይለቁልኝ ነበር። አፍሬአለሁ፤ ግን ለመተው የሚበቃ አላፈርኩም።

ሙት ዓመቱ በሐምሌ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ በላ፣ ጥቁሩን እንድናወልቅ ሽማግሌዎቹ አዘዙ። እኔ ልቤ ሊፈነዳ ነው። ሰዉ ሲበተን ወረቀቴን ከሳጥን አውጥቼ እናቴ ፊት አስቀመጥኩት። ሳታነበው አጠፈችውና ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ከእድር ሴቶቹ ጋር ተመካክራበት ኖሯል። በዚህ ዓይኗ መንገድ ለመንገድ ትምህርት ብላ ብትሄድ መኪና ይበላታል፣ ልቧ ገና አልጠገነም፣ አንድ ዓመት እጄ ላይ ትቆይ ብለው ወስነዋል። በፍቅር ነው የተናገረችው፤ እየዳበሰችኝ። ከቁጣዋ የባሰ ያ ነበር።

ነሐሴ ሙሉ ዝናብ ነው። ጉጡን ቀዳዳው ውስጥ መልሼ ወሸቅኩትና ለሁለት ሳምንት አላይም አልኩ፤ ዓይኔ ይጥራ፣ ደህና መሆኔን እናቴ ትይ ብዬ። ዓይኔ ጠራ። እናቴ ግን አሁን ደግሞ እንባዋን ወደ ውስጥ መለሰችው ብላ ፈራች፤ ጭራሽ ውሃውንም ራሷ መቅዳት ጀመረች። ያኔ ገባኝ። ካልተናዘዝኩ ከዚያ ቤት አልወጣም፤ ከተናዘዝኩ ደግሞ ምን እንደምትለኝ፣ ጋሼንስ ምን እንደምታደርጋቸው አላውቅም። ሌላው ዓመት፣ ከዚያ ሌላው ዓመት ታየኝ፤ ፋኖስ እያበራሁ፣ ምስር እየለቀምኩ።

በጳጉሜ በአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ ትክ ትኩ ሲጀምር ሄጄ እጇን ያዝኩ። ጓዳ አስገባኋት። ጉጡን አወጣሁትና ጎንበስ በይ አልኳት። ታዘዘችኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ብዙ ቆየች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜያለሁ።

"ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ባቡር እየጠበቀች ነው አልኳት። ይመጣል ወይ ስትለኝ መጨረሻው እንደጠፋ ነገርኳት። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ትቢያውን፣ ዓይን እያፈራረቅሁ ማየቴን፣ ኅዳርን፣ ጥርን፣ ፋሲካን። ለአባቴ ያለቀስኩት ሦስቱን ቀን ብቻ እንደሆነም ነገርኳት። ጥፊ ስጠብቅ ቀና አለች። ግንባሯ ላይ የጣውላ ትቢያ ነበር።

"እኔን እንባው እምቢ ብሎኛል" አለች። "አንዲት ዘለላ። እሱን የሚያህል ሰው ቀብሬ። አንቺ እንኳ አለቀስሽለት ብዬ ነበር ዓመቱን የገፋሁት።"

ወጥታ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። ይህን ያህል የጎዳሁት ሰው ከዚያ ወዲህ የለም ብዬ አስባለሁ።

ጋሼን ምንም አላለቻቸውም። እሳቸውም በእንቁጣጣሽ ማግስት ቆርቆሮዎቻቸውን ሳይነኩ ክፍላቸውን ቆልፈው፣ ፊልም የሚያሳዩበት ቦታ ለማየት ለሳምንት ወደ ገጠር ወጡ። የምዝገባው ዕለት ሲነጋ እናቴ ወረቀቴን በእጇ ይዛ ቀሰቀሰችኝ። በሩ ድረስ ሸኘችኝ። እዚያ አስቆመችኝና ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርዳ አዞረችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ አለበሰችኝ። ሂጂ አለች።

ተመዝግቤ ስመለስ ቀትር አልፏል። ሰይቼንቶው ውስጥ እስክወርድ ድረስ ስስቅ ነበር። በሩን ስከፍት እናቴ ፍራሹ ላይ የለችም። ከጓዳ ወጣች። ሁለቱም ዓይኖቿ ቀልተው አብጠዋል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ነጠላዋ ደረቷ ላይ ርሷል፤ ግንባሯ ላይ ያው ትቢያ አለ። ማሽኑ እንደቆመ፣ ክፍሉ እንደተቆለፈ፣ አንሶላው ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ስታይ ዋለች ብዬ ወረቀቴን ሳላስቀምጥ ወደ ጓዳ ገብቼ ጎነበስኩ።

የጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ ብርሃን አስገብቷል። መላጊያው እንዳለ ነው። ጣውላው ግማሹ ተልጎ፣ ግማሹ ሳይላግ ተጋድሟል፤ ፍቅፋቂው ሥሩ እንደተከመረ ነው። ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ነበር፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም።